የኮሌጅ በር የሚከፈተው በ1ኛ ክፍል ነው



በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ በራያ ቆቦ ወረዳ በጎብዬ አካባቢ ከሚገኙት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ በእናንተ መዋጮ የተገዙትን ዴስኮችና የጣሪያ ቆርቆሮ ለማስረከብ ተገኝተን ነበር። ጦርነቱ ያፈረሰው ክፍል ተጠግኖ፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ የነበሩት ልጆች በዴስክ ላይ ተቀምጠው ስናይ ልባችን ተደሰተ። ምስጋናውና ምርቃቱ ካለቀ በኋላ ግን አንድ ገበሬ አባት ቀረብ ብለው እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ሥራችሁ መልካም ነው። አንድ ነገር ግን ልጠይቃችሁ። የእኔ ልጅ 4ኛ ክፍል ደርሷል። ታላቅ ወንድሙ ከሳውዲ በስልክ የላከውን መልእክት አንብብልኝ ብለው ሊያነብልኝ አልቻለም። ጎረቤት ዘንድ ሄጄ አስነበብኩ። ይህ ልጅ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ምን ሊሆንልኝ ነው?»

እኚህ አባት የጠየቁን ስለ ወንበር አልነበረም። እኛ ግን በዚያ ዓመት ስንቆጥር የከረምነው ወንበርና ቆርቆሮ ስለ ነበረ፣ የሚገባ መልስ ሳንሰጣቸው ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት የተጻፉ ጥናቶችን አነበብን፤ አስተማሪዎችንና ርዕሳነ መምህራንን ጠየቅን፤ የራሳችንንም ሥራ መረመርን። በዚህ ጽሑፍ ያገኘነውን በአጭሩ ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

ከእናንተ የሚደርሰን ጥያቄ

ከብዙ ጉባኤዎች የሚመጡልን ደብዳቤዎች አንድ አሳብ ይዘዋል። ይኸውም፣ «12ኛ ክፍል የጨረሱ የድሆች ልጆች ኮሌጅ እንዲገቡ ገንዘብ እናዋጣ» የሚል ነው። አሳቡ ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ እናከብረዋለን። በራያ ቆላ ያለውን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ይመኛል። ወጣቱ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ የመንን አቋርጦ ወደ ሳውዲ ለመግባት ይነሣል። በመንገድ የቀረ ብዙ ነው። ስለዚህ ኮሌጅ መግባት ለጎብዬ ቤተሰብ የክብር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ ልጅን በሕይወት የማቆየት ጉዳይም ሆኗል።

ነገር ግን ኮሌጅ ደጃፍ የሚደርሰው ተማሪ ስንት ነው? መንግሥት የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲሰጥ ካደረገ በኋላ የታየው ውጤት አገሪቱን ሁሉ አስደንግጧል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት መካከል ከግማሽ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም፤ በመቶኛ ሲሰላ 3.3 ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በእያንዳንዱ ዓመት ከ1 ሺህ በላይ ነበሩ።

ይህን ልብ በሉ። ከ100 ልጆች 90ው ከደጃፉ ሳይደርሱ የሚቀሩ ከሆነ፣ ደጃፉ ላይ ቆመን ገንዘብ ብናድል የምናገኘው ጥቂቶቹን ብቻ ነው። የቀሩትን ለመርዳት ወደ ኋላ ተመልሰን፣ የት ላይ እንደ ቀሩ መፈለግ አለብን።

ብዙዎች ገቡ፤ ጥቂቶች ተማሩ

የአገራችን ትምህርት ባለፉት 30 ዓመታት እጅግ ሰፍቷል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በወጣበት ዘመን ትምህርት ቤት የሚገባው ልጅ ከሦስቱ አንዱ እንኳ አልነበረም። በመላ አገሪቱ ከ3 ሚሊዮን ያነሰው የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ፣ በ2000ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ላይ ከ18 ሚሊዮን አለፈ። በ1983 ዓ.ም. ሁለት ብቻ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። ከጎብዬ የማይርቀው የወልድያ ዩኒቨርሲቲም በ2004 ዓ.ም. ከተከፈቱት አንዱ ነው። ይህ ሁሉ እግዚአብሔርን የምናመሰግንበት ነው። በወሎ ረሃብ ዘመን፣ በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. እህል ለማደል ወደዚህ ምድር የመጡ የተራድኦ ሠራተኞች ይህን ቢያዩ ባልተቻላቸውም ነበር።

ይሁን እንጂ ልጆች ሲበዙ የመጽሐፍና የአስተማሪ ዝግጅት እኩል አልበዛም። ከዚህም በላይ ወላጆቻቸው ፊደል ያልቆጠሩ፣ ቤታቸው መጽሐፍ የሌለ ልጆች በመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክፍል ገቡ። እነዚህ ልጆች የተሻለ አስተማሪ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ያገኙት ግን ብዙ ጊዜ 70 ወይም 80 ልጅ የታጨቀበትን ክፍል ነው። መንግሥት ይህን አይቶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የትምህርት ጥራት ማስጠበቂያ ፕሮግራም አወጣ። በእርሱም ሥር የአስተማሪዎች ልማት፣ የትምህርት ቤት ማሻሻያና የትምህርት አመራር ተካተዋል።

በ2002 ዓ.ም. በ6 የአገር ቋንቋዎች የተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ችግሩን በግልጽ አሳየ። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የዓለም ባንክ ባወጣው ግምትም በኢትዮጵያ ከ10 ልጆች 9ኙ ዐሥር ዓመት ሲሞላቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። እንግዲህ ያ አባት የነገሩን የእርሳቸውን ቤት ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ንባብ ያልያዘ ልጅ ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? በ4ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ ይሰጠዋል፤ አያነበውም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በአማርኛ አንብቦ ያልተረዳ በእንግሊዝኛ እንዴት ይረዳል? በየዓመቱ ከክፍል ወደ ክፍል ይዛወራል፤ ዕዳውም አብሮት ይዛወራል። 12ኛ ክፍል ላይ የምናየው ውድቀት 11 ዓመት ሙሉ ሲጠራቀም የኖረ ዕዳ ነው።

የአንድ ልጅ የትምህርት ዓመታት

በጎብዬና በቆቦ ደግሞ ሌላ ሸክም ተጨመረ። የዚያን አባት ልጅ ዓመታት አብረን እንቁጠር። ልጁ 1ኛ ክፍል የገባው በ2012 ዓ.ም. መስከረም ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ልጆቹም የዓመቱን ትምህርት ሳይፈጽሙ ወደ ቀጣዩ ክፍል ተዛወሩ። በ2013 ዓ.ም. 2ኛ ክፍልን ዘግይቶ ጀመረ። በዚያ ክረምት፣ በሐምሌ ወር፣ ጦርነቱ ወደ ቆቦ ደረሰ፤ አካባቢው እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በጦርነቱ ውስጥ ቆየ። ሰው ሞተ፤ ንብረት ወደመ፤ የትምህርት ቤቶች በርና መስኮት፣ መጽሐፍና ጥቁር ሰሌዳ ጠፋ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ከባድ ዘረፋና ጉዳት ደረሰበት። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ቆቦና አካባቢዋ ተመለሰ፤ 2015 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሎ ነበር። በጥቅምት ወር በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም ልጁ 4ኛ ክፍል ተብሎ ተመዘገበ።

ከዚያም በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። በ2016 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ለወራት ተዘጋ። በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደ ሆኑ ተገለጸ። በወረቀት ላይ ሲታይ ልጁ ብዙ ዓመት ተምሯል። የተቀመጠባቸውን ቀኖች ብንቆጥር ግን ዓመታቱ በግማሽ ይቀንሳሉ። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን፣ ማሽላው ሲያሸት ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ የሚጠብቀው እርሱ ነው። በበጋም በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም የልጅ ጉልበት ይፈልጋል። የድሀ ወላጅ ልጁን ስለማይወድ አይደለም ከትምህርት የሚያስቀረው፤ የዓመቱ ቀለብ በወፍ ስለሚበላበት ነው።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

ስለ ትምህርት በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን ስንመለከት ሦስት ነገሮች ደጋግመው ይወጣሉ።

አንደኛው፣ ልጅን ካለበት ደረጃ ተነሥቶ ማስተማር ነው። በሕንድ አገር ፕራትሃም የተባለው ድርጅት ልጆችን በክፍላቸው ወይም በዕድሜያቸው ሳይሆን በንባብ ችሎታቸው ይመድባቸዋል። ፊደል የማይለዩት ለብቻ፣ ቃል የሚያነቡት ለብቻ፣ ዓረፍተ ነገር የሚያነቡት ለብቻ ሆነው በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ይማራሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ካገኙት የኢኮኖሚ ሊቃውንት መካከል አብሂጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ይህን አሠራር በጥንቃቄ መርምረው ልጆች ንባብን በፍጥነት እንደሚይዙ አሳይተዋል።

ሁለተኛው፣ አስተማሪን በክፍሉ ውስጥ ማገዝ ነው። አስተማሪዎችን ለሦስት ቀን ወደ ከተማ ጠርቶ፣ አበል ከፍሎና ንግግር አሰምቶ መመለስ በልጆች ትምህርት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ለውጥ የሚመጣው አስተማሪው የሚከተለው ግልጽ መመሪያ ሲኖረው፣ እያንዳንዱ ልጅ መጽሐፍ ሲይዝ፣ አሠልጣኙም ክፍል ገብቶ አይቶ ምክር ሲሰጠው ነው። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ቱሶሜ በሚባለው ፕሮግራም ይህን በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አድርጋ የልጆችን ንባብ አሻሽላለች። ቱሶሜ በስዋሂሊ «እናንብብ» ማለት ነው። በእኛም አገር ደንቡ አለ። እያንዳንዱ አስተማሪ በዓመት 60 ሰዓት ለተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲያውል፣ ጎረቤታም ትምህርት ቤቶችም በጉድኝት ማዕከል ተሰባስበው እንዲማማሩ ታዟል። ነገር ግን በብዙ ቦታ 60 ሰዓቱ በፋይል ውስጥ ተጽፎ ይቀራል። ክፍል ገብቶ የሚያይና የሚመክር ሰው የለም።

ሦስተኛው ርዕሰ መምህሩ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኬኔት ሌይትዉድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ በትምህርት ቤት ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ለልጆች መማር ከአስተማሪው ቀጥሎ ከፍተኛ ድርሻ ያለው አመራሩ መሆኑን አስረድተዋል። ይህ ሊያስገርመን አይገባም። የርዕሰ መምህሩ ቀን በሪፖርት፣ በስብሰባና በመዋጮ ካለቀ አስተማሪው ብቻውን ይቀራል። ርዕሰ መምህሩ በየዕለቱ አንድ ክፍል ገብቶ ቢቀመጥ፣ ልጆችን በየተራ ቢያስነብብ፣ ያስተዋለውን ከአስተማሪው ጋር ቢነጋገርበት፣ ትምህርት ቤቱ የሚያተኩርበት ነገር ይለወጣል። ሙሴ ሕዝቡን ብቻውን ሲዳኝ ውሎ ሲደክም አማቱ ዮቶር የመከረውን እናስታውስ። ምክሩ ሥራውን እንዲተው አልነበረም፤ ሌሎችን እያስተማረ ሸክሙን እንዲያካፍል እንጂ።

አስተማሪን ትቶ ስለ ትምህርት ማቀድ እንደማይሆንም የአገራችን ታሪክ ያስተምረናል። በ1964 ዓ.ም. የተዘጋጀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት በሊቃውንት የተደከመበት ነበር። በክፍል ያሉት አስተማሪዎችና ወላጆች ግን የእነርሱ አድርገው አልተቀበሉትም። በ1966 ዓ.ም. የካቲት አስተማሪዎች ሥራ አቆሙ፤ ዕቅዱም ቀረ። ለእኛ ለፕሮጀክት ሠራተኞች ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

አባቶቻችን የሚያውቁት ሥርዓት

ይህ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ካለ፣ የቄስ ትምህርት ቤትን ያስታውስ። በዚያ ልጁ ፊደል ሳይለይ ወደ አቡጊዳ አይሄድም፤ አቡጊዳ ሳያውቅ መልእክተ ዮሐንስ አይሰጠውም፤ ያን ሳያነብ ዳዊት አይጀምርም። ዕድሜው ምንም ይሁን፣ የሚቀመጠው ባለበት ደረጃ ነው። የገፋው ጀማሪውን ያስቆጥራል። የኔታም እያንዳንዱን ልጅ በየቀኑ ፊታቸው አቅርበው ይሰማሉ። በራያ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆችም በቁርአን ቤት እንዲሁ በየተራ ይደመጣሉ። እንግዲህ ልጅን እየሰሙ ማስተማር የአገራችን ጥንታዊ ልማድ ነው። 80 ልጅ በአንድ ክፍል ሲታጎር የጠፋብንም ይኸው ልማድ ነው።

በሐዋርያት ሥራ 8ኛ ምዕራፍ ስለ ተጻፈው ኢትዮጵያዊ ባለሥልጣንም እናስብ። ሰውየው በሠረገላው ላይ የነቢዩን መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ ነገር ግን የሚመራው ሰው እስኪያገኝ ድረስ ትርጉሙ አልተገለጠለትም። ፊልጶስም ከሩቅ ሆኖ አልጮኸበትም፤ ወደ ሠረገላው ወጥቶ ከአጠገቡ ተቀመጠ፤ ካነበበበት ስፍራ ጀምሮም አስረዳው። የመልካም አስተማሪ ምሳሌ ይህ ነው። የእኛም እርዳታ ወደ ሠረገላው የሚወጣ እንጂ ከመንገድ ዳር የሚመለከት እንዳይሆን እንጸልያለን።

የእኛ ስሕተትና የለወጥነው አሠራር

በግልጽ እንናገር። ለብዙ ጊዜ የእኛ ሪፖርት ስለ ዴስክ፣ ስለ ቆርቆሮና ስለ ሲሚንቶ ነበር። ፎቶግራፍ ለማንሣት ይመቻል፤ ለለጋሾች ለማስረዳትም ቀላል ነው። ጣሪያ አያስፈልግም አንልም፤ ፀሐይ የሚያቃጥለው ልጅ አይማርም። ነገር ግን ከጣሪያው ሥር ምን እየተደረገ እንዳለ ሳንጠይቅ ማስረከባችን ስሕተት ነበር።

ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ፣ መንገዱና ሁኔታው በፈቀደ መጠን፣ በዚያው ትምህርት ቤት ሌላ አሠራር ሞከርን። በመጀመሪያ ከአስተማሪዎቹ ጋር ተቀመጥን። የፈለጉት ነገር ሥልጠና ብቻ እንዳልነበረ ነገሩን። ደመወዛቸው ከኑሮው ጋር እንደማይመጣጠን፣ በጦርነቱ ቤታቸው የተዘረፈባቸው እንዳሉ፣ አንዳንዶቹም ከሥራ ሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ እንደሚሠሩ አጫወቱን። ይህን ሁሉ እኛ አንፈታውም። ነገር ግን ሰምተን ስናበቃ አብረን አንድ ነገር ተስማማን፤ ከ2ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በሳምንት አራት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ በንባብ ደረጃቸው ተከፋፍለው ይማሩ። ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን በመርሐ ግብሩ ውስጥ አስገቡት፤ እርሳቸውም አንዱን ቡድን ያዙ። እኛ ያቀረብነው ተራ ነገር ነው፤ የፊደል ካርድ፣ አጫጭር ተረቶች የተባዙበት ወረቀትና እያንዳንዱ ልጅ የደረሰበትን የሚያሳይ መዝገብ።

ሁሉ ነገር አልተሳካም። በማሽላ ወቅት ከልጆቹ ብዙዎቹ ቀሩ። ሁለት አስተማሪዎች ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ የመጡትን አዲስ ማስረዳት ነበረብን። መንገድ ሲዘጋ እኛ ራሳችን ሳንደርስ የቀረንባቸው ሳምንታት አሉ። በእነዚያ ሳምንታት ግን ሥራው አልቆመም፤ ምክንያቱም የያዙት ርዕሰ መምህሩና አስተማሪዎቹ ነበሩ። ከዚህ የተማርነው ሥራው የድርጅቱ ከሆነ መኪናችን ሲቀር አብሮ እንደሚቀር ነው።

የዚያ አባት ልጅ በ2018 ዓ.ም. 6ኛ ክፍል ነው። አጭር ጽሑፍ ያነባል፤ ሲያነብ ግን ገና ይዘገያል፤ በሒሳብም ከክፍሉ ኋላ ነው። አባቱን ስናገኛቸው፣ «አሁንስ ጎረቤት መሄድ ትቻለሁ» አሉን። ኮሌጅ ይገባል ብለን ተስፋ እንጂ ማረጋገጫ ልንሰጣቸው አንችልም።

12ኛ ክፍል የደረሱትስ?

ስለ ታላላቆቹ ወንድሞችና እኅቶች ዝም አንልም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብዙዎቹ ከሩቅ ቀበሌ መጥተው በጎብዬ፣ በሮቢት ወይም በቆቦ ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ሦስትና አራት ሆነው በአንድ ክፍል ያድራሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤት ሄደው ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ። የቤት ኪራይ ሲጨምር በመጀመሪያ ትምህርት የምታቋርጠው ልጃገረዲቱ ናት፤ ብቻዋን እንድታድር ወላጆች ይሰጋሉ፤ ከዚያም ለጋብቻ ትጠየቃለች።

ፈተናውን ያለፈ ተማሪ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት፣ ከትምህርቱ ወጪ የሚደርስበትን ድርሻ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ስለዚህ በመግቢያው ቀን የሚያስቸግረው የትምህርት ክፍያ ሳይሆን የመጓጓዣ፣ የልብስ፣ የብርድ ልብስና የደብተር ገንዘብ ነው። ይህ በአንድ ጉባኤ አቅም የሚሸፈን ነው። ለጥቂት ያነሳቸው ተማሪዎችም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተከፍቷል። ሌሎቹን ወደ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወይም ወደ ቴክኒክና ሙያ መምራት ይቻላል። በመስኖና በጉድጓድ ውኃ በሚለማው የቆቦ ሜዳ የፓምፕ ጥገና የሚያውቅ ወጣት ሥራ አያጣም። ኮሌጅ ማለት ዩኒቨርሲቲ ብቻ እንዳልሆነ ለወጣቶቻችን ልንነግራቸው ይገባል።

ደግሞም ይህን አስቡ። ዛሬ ወደ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚገባው ወጣት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ የ1ኛ ክፍል አስተማሪ ይሆናል። እርሱ መልካም ንባብ ሳይዝ ከሄደ፣ የሚያስተምራቸውም ልጆች እንደ እርሱ ይሆናሉ። እርሱን ብናግዘው ግን አንድ ክፍል ሙሉ ልጆችን አገዝን ማለት ነው።

ከእናንተ የምንጠይቀው

ለጉባኤዎች፤ ከምታዋጡት ገንዘብ የሚበዛውን ለመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ንባብ፣ ለመጽሐፍና ለአስተማሪዎች ድጋፍ እንድናውለው ፍቀዱልን። ፎቶግራፉ እንደ አዲስ ሕንፃ አያምርም። ነገር ግን አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል እንዳሉት፣ በ2ኛ ክፍል በጥቂት ብር የሚፈታው ችግር በ12ኛ ክፍል በብዙ ሺህም አይፈታም። የቀረውን ለሁለተኛ ደረጃ ልጃገረዶች የቤት ኪራይና ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የመንገድ ወጪ እናደርገዋለን። በየጉባኤያችሁም ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች አሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ለሰፈር ልጆች የንባብ ሰዓት ቢከፍቱ፣ ገንዘብ የማይገዛውን እርዳታ ይሰጣሉ።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች፤ ትምህርት ቤት በደረሳችሁ ቁጥር ክፍል ግቡ። ከመቁጠር በፊት ስሙ። ከ3ኛ ክፍል አምስት ልጆች ጥሩ፤ ከመጽሐፋቸው አንድ አንቀጽ ያንብቡላችሁ፤ ያነበቡትንም በራሳቸው ቃል ይንገሯችሁ። ልጆቹን ግን አታሳፍሯቸው፤ አስተማሪውንም አትክሰሱ። ያያችሁትን ከርዕሰ መምህሩ ጋር ለብቻችሁ ተነጋገሩ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱም ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ብቻ ሳይሆን ስለ ንባብ እንዲነጋገር አበረታቱ፤ በማሽላ ወቅት የወፍ ጥበቃውን በተራ አድርገው ልጆቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዳይቀሩ ወላጆች ራሳቸው ቢመክሩበት መፍትሔ አያጡም። የመንግሥት ትምህርት ቤት የኦርቶዶክሱም፣ የሙስሊሙም፣ የእኛም ልጆች ቤት ነው። በዚያ የምናገለግለው ማንንም ወደ ጉባኤያችን ለመሳብ አይደለም፤ ጎረቤትን መውደድ ራሱ የታዘዝነው ነገር ስለ ሆነ ነው።

በጸሎት አስቡን። በራያና በመላው አማራ ክልል ሰላም እንዲጸና፣ ትምህርት ቤቶችም ሳይዘጉ እንዲቆዩ ጸልዩ። በጥቂት ደመወዝ በየገጠሩ ለሚያስተምሩ አስተማሪዎች፣ ለርዕሳነ መምህራንም ጥበብና ብርታት እንዲሰጣቸው ጸልዩ። በባሕር ማዶ ላሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ መልእክታቸውንም ለሚጠባበቁ ወላጆች ጸልዩ። ስለ እኛም ጸልዩ፤ ወንበር ከቆጠርን በኋላ በወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ልጅ እንዳንረሳ።